አሥሩ ኮምፒውተሮችና የጋሼ ፊርማ

አንድ ሙሉ መንፈቀ ዓመት ያለ ኮምፒውተር ኮምፒውተር አስተምሬያለሁ። አትሳቁ፤ በዚያ ዘመን ያስተማረ ሁሉ የራሱ ጉድ አለው። የኔው የሆነው ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ከገባ በኋላ፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። የተማርኩት ባዮሎጂ ነው። እንቁራሪት ሰንጥቂ ብትሉኝ ዓይኔን ጨፍኜ እሰነጥቃለሁ። አዲሱ የኮምፒውተር ትምህርት ሲመጣ ግን የሚያስተምረው ጠፋ። ዳይሬክተራችን መምህራኑን አንድ በአንድ ካየ በኋላ "አንቺ ደፋር ነሽ፣ ትችይዋለሽ" ብሎ ለአሥር ቀን ሥልጠና ባሕር ዳር ላከኝ። ሄድኩ፣ ሠለጠንኩ፣ ምስክር ወረቀቴን በላስቲክ ጠቅልዬ ተመለስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በኮምፒውተር ነገር ከኔ ወዲያ ላሳር ሆነ።

የማስተምረው በሰሌዳ ነበር። ስክሪኑን በነጭ ጠመኔ እሥላለሁ፣ ሥሩ ሳጥን አደርጋለሁ፣ ከሳጥኑ ገመድ አወጣለሁ፣ በገመዱ ጫፍ ማውስ አንጠለጥላለሁ። "ኮምፒውተር ማለት መረጃ ተቀብሎ፣ አቀናብሮ፣ ውጤት የሚሰጥ መሣሪያ ነው" እላለሁ፣ ልጆቹ ይጽፋሉ። ለመተየብ ደግሞ ከየሱቁ የማካሮኒና የሳሙና ካርቶን ለምነው አመጡ። የኪቦርዱን ፊደል በእስክሪብቶ ጻፉበትና ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ጣታቸውን ያሠለጥናሉ። ስልሳ ልጅ አንድ ላይ ካርቶን ሲደበድብ ከጎን ክፍል የሚያስተምረው የሒሳብ መምህር ግድግዳውን ይደበድብብን ነበር።

የሚያበሽቀው ነገር ኮምፒውተር ሳይኖር ቀርቶ አይደለም። አለ! ከመጣ ሁለት ዓመት የሆነው፣ ያልተነካ አሥር ኮምፒውተር ከነካርቶኑ ከክፍሌ ሃምሳ እርምጃ በማይሞላ ግምጃ ቤት ውስጥ ተቆልፎበታል። ቁልፉ ያለው ንብረት ክፍል ኃላፊው ዘንድ ነው። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው፤ እዚህም ጋሼ እላቸዋለሁ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ ካፖርት የሚለብሱ፣ ባርኔጣ ከራሳቸው የማይለይ፣ የማንኩሳ አካባቢ ገበሬ ልጅ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ንብረት ይዘዋል። የወላጅ በዓል ሲደረግ ለድግስ የወጣ ጭልፋ ሳይመለስ ቀርቶ እንደሆነ፣ ቤት ለቤት ዞረው ያመጡታል እንጂ አያድሩም።

አንድ ቀን ግምጃ ቤቱ በር ላይ ሄጄ ቆምኩ። ለምኜ ነበር፣ በደብዳቤም ጠይቄ ነበር፣ ዳይሬክተሩንም አማላጅ አድርጌ ነበር። እንቢ ነው መልሱ። ቱግ አልኩ።

"ጋሼ፣ አንቱ የሚጠብቁት ሳጥን ነው ወይስ ትምህርት?" አልኳቸው፣ ተማሪ እየሰማ።

"እኔ የምጠብቅ ፊርማዬን ነው" አሉ፣ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ። "አዲስ ብዬ ፈርሜ ተረክቤያለሁ፤ አዲስ አድርጌ አስረክባለሁ። ሰኔ ላይ ጡረታ እወጣለሁ አይዶል? ከዚያ በኋላ ብትጨፍሩበትም የራሳችሁ ነው።"

"እስከ ሰኔ ልጆቹ ካርቶን ሲደበድቡ ይክረሙ?"

"ካርቶን ቢቀደድ የሚጠይቀኝ የለም።"

ጥዬያቸው ሄድኩ። መምህራን ማረፊያ ክፍል ገብቼ ስናደድ፣ ጸሐፊያችን ሻይዋን አስቀምጣ "ተያቸው እባክሽ" አለችኝ። የሳቸው ባልንጀራ የነበረ የሌላ ወረዳ ንብረት ኃላፊ ጡረታ ሲወጣ የማባዣ ማሽን አንድ እጀታ ጎድሎ ተገኘበት። ክሊራንስ የለም ተባለ፣ ጡረታው ቆመ። ሰውየው ስንት ጊዜ ተመላልሶ፣ በመጨረሻ ስሙን ሳያጠራ አረፈ። ለቅሶው ላይ ጋሼ ነበሩ። "ከዚያ ወዲህ ነው እንዲህ የሆኑት" አለች። ሆዴ ትንሽ ባባ። ንዴቴ ግን አልበረደም፤ ሁለቱ አብረው መኖር ይችላሉ።

ከፋሲካ በኋላ ከወረዳ ደብዳቤ መጣ። ጡረታ የሚወጣ ንብረት ኃላፊ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚያስረክበው በቆጠራ ብቻ አይደለም፤ በርክክቡ ኮሚቴ ፊት አብርቶ፣ መሥራቱን አሳይቶ ነው ይላል። ጋሼ ደብዳቤውን ይዘው ወደ ክፍሌ መጡ። ጠመኔ በእጄ እንደያዝኩ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

"መምህር፣ እንደው አንዱን ብቻ አይተሽ ትነግሪኛለሽ?"

"አይነካም ብለው የለ እንዴ?" አልኩ። ይህችን ባልላት ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አልኳት።

"አልኩ። አሁን ደግሞ ነይ አልኩሽ።"

ግምጃ ቤቱን ከፈቱ። ካርቶኖቹ በእንጨት መደርደሪያ ላይ ተደርድረዋል። የመጀመሪያውን እንዳወረድነው አፍንጫዬ ተቃጠለ። በርበሬ! በካርቶኖቹ መካከል፣ በላያቸው፣ በእጅ መያዣው ቀዳዳ በኩል ወደ ውስጥ ሳይቀር፣ የደረቀ ዛላ በርበሬ ከነፍሬው ከነአቧራው ተጨምሯል። አሥሩንም እንደዚያ አድርገዋቸዋል።

"ምንድን ነው ይሄ፣ በማርያም?"

"ለአይጥ ነው እንጂ" አሉ፣ ኮራ ብለው። "ጎተራዬን የማድንበት ነው። አይጥ የቡሬን በርበሬ አሽትታ አታልፍም። አንድ ገመድ ተቀርጥፎ ታያለሽ?"

እውነታቸውን ነው፤ የተቀረጠፈ ገመድ የለም። ጠረግሁት፣ ጠረጴዛ ላይ አቀናጀሁት፣ ሳጥኑን ጠረጴዛው ሥር አስቀመጥኩ፣ ገመዶቹን በየቀዳዳቸው ሰካሁ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ ደብተሬ ላይ ሥዕሉ አለ። ከዚያ አቋሜን አስተካክዬ የስክሪኑን ማብሪያ ተጫንኩ። ትንሿ መብራት ብልጭ ብልጭ አለች። ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ድጋሚ ተጫንኩ። ጥቁር። ሁለተኛውን አወረድን፤ ጥቁር። ሦስተኛው፤ እሱም እንደዚያው።

አሁን የማፍርበትን ልናገር ነው። አላውቅም ማለት አንድ ቃል ናት። አልወጣችም። ምስክር ወረቀት ያለኝ ሰው ነኝ፣ ስልሳ ተማሪ እየጻፈልኝ የኖርኩ ሰው ነኝ። እናም አፌን ሞልቼ "በርበሬው ነው የገደላቸው" አልኩ። "ውስጣቸው ገብቶ አቃጥሏቸዋል።"

ጋሼ የበርበሬ ዱቄት የነካውን እጃቸውን አዩት። ከዚያ ካፖርታቸው ላይ ጠረጉትና እንደገና አዩት። "አሥሩም?" አሉ።

"በአሥሩም ውስጥ ገብቷል አይደል?"

ዳይሬክተሩ "በጽሑፍ ስጪኝ፣ ለወረዳ ማሳወቅ አለብን" አለኝ። ሰጠሁት። "ኮምፒውተሮቹ በአቀማመጥ ጉድለት፣ በተለይም በበርበሬ ምክንያት ተበላሽተዋል" ብዬ ፈረምኩ። መዝገብ ቤት ገባ፣ ቁጥር ተሰጠው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ያውቃል፤ ቁጥር የተሰጠው ወረቀት ከፋይል አይወጣም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ቀናት ናቸው የሚከብዱኝ። ጋሼ አልታመሙም፣ አላማረሩም፣ እንደ ወትሮው ቀድመው ይገባሉ። ግን ሰላምታ ሲሰጡኝ ባርኔጣቸውን ያወልቁልኝ ጀመር። እኔ ልጃቸው የምሆን! ሁለተኛው ቀን ላይ ባለቤታቸው የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠብቀው ያዙኝ። "የኔ እመቤት፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እንደው የሚጸዳ ነገር አይዶለም? ሌሊት ተነሥቶ ይቀመጣል። እህል አይበላም። 'በገዛ እጄ፣ በገዛ በርበሬዬ' ብቻ ነው የሚለው" አሉኝ። አንጀቴን በሉት። ቤቴ ገብቼ የሥልጠና ደብተሬን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ስለ በርበሬ የሚል አጣሁ። ስለ ማብሪያም የሚል የለበትም። ለምን እንደሌለበት ያኔ አልጠየቅሁም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ጋሼ ግምጃ ቤት አስጠሩኝ። ከኮምፒውተሩ ፊት ሳይሆን ከጠረጴዛው ሥር፣ አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። መነጽራቸውን አድርገዋል።

"ነይማ፣ መምህር። ልጠይቅሽ ብዬ ነው እንጂ የምለውስ የለኝም" አሉ። "ዕድሜ ልኬን ሳጥን ነው ያየሁ። ሳጥን አይቼ መክፈቻው የት ነው ሳልል አላልፍም። ከሥር ያስቀመጥሽው ሳጥን ፊቱ ላይ አንዲት ድቡልቡል ቁልፍ አለችው። አንቺ አልነካሻትም። እንዳይነካ ነው?"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ክው አልኩ።

አለች። ትልቅ፣ ክብ፣ ሰው ሁሉ የሚያያት ማብሪያ። በአንዴ ሁሉም ነገር ታወሰኝ፤ ባሕር ዳር ለሦስት ሰው አንድ ኮምፒውተር ነበር። አሠልጣኛችን ጠዋት ከኛ ቀድሞ ገብቶ ሁሉንም አብርቶ ይጠብቀናል። ማታ ልናጠፋ እጃችንን ስንሰድ "ተዉት፣ እንዳታበላሹ፣ እኔ አጠፋዋለሁ" ይላል። አሥር ቀን ሙሉ አንዲትም ጊዜ አላበራሁም፣ አንዲትም ጊዜ አላጠፋሁም። ስክሪን ጨለም ሲል ግን የስክሪኑን ማብሪያ ነክቼ አውቃለሁ። እና ማብሪያ ማለት እሱ መሰለኝ። ሳጥኑማ በሰሌዳ ስሥለው አራት ማዕዘን ነው፣ ባዶ አራት ማዕዘን። ስልሳ ልጅ ከኔ ገልብጦ ባዶ አራት ማዕዘን ሥሏል።

"ጋሼ፣ ይጫኗት" አልኩ።

"እኔ?"

"አንቱ ነዎት ያገኟት።"

አማተቡና በሌባ ጣታቸው ተጫኑ። ከሳጥኑ ውስጥ እርርር የሚል ነገር ተነሣ። ማራገቢያው ነው። ከማራገቢያው ጋር ደግሞ የሁለት ዓመት የበርበሬ አቧራ! ፊታችን ላይ ተፋብን። ኧረ ስንት ጊዜ አነጠስኩ፣ ኧረ እንዴት ዓይኔ ተቃጠለ! ጋሼ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው ወደ በር ሮጡ፣ እኔም ተከተልኩ። ውጭ ቆመን በየተራ ስናነጥስ የሚያልፈው ተማሪ ሁሉ "ይማራችሁ፣ ይማራችሁ" ይለናል። ስንመለስ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ በርቷል። ጋሼ ጠጋ ብለው አዩት፤ መስታወቱን ሳይነኩ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው። "ሕያው ነው" አሉ።

አሥሩንም አወጣን፣ ደጅ ላይ አራገፍናቸው፣ በለስላሳ ብሩሽ ጠረግናቸው፣ አበራናቸው። አሥሩም ሠሩ። ጋሼ ካርቶኑ ላይ ተቀምጠው ሳቁ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም፤ ፋይሉ ውስጥ ያለው ወረቀቴ ነበር ያሰብኩት።

ዳይሬክተሩ ዘንድ አብረን ገባን። ነገሩን ስነግረው ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ሳቁ ሲያልፍለት ግን አሰበልኝ፤ ክፉ ሰው አልነበረም። "የመጀመሪያውን ወረቀት ማውጣት አንችልም። አንድ ሌላ ጻፊ፤ 'ተበላሽተው የነበሩት ኮምፒውተሮች በመምህርቷ ጥረት ተጠግነዋል' በይ። ሁሉም ነገር ያልቃል። እንዲያውም ምስጋና ያሰጥሻል" አለኝ።

እውነቱን ልናገር? ደስ አለኝ። ለአፍታ ያህል በጣም ደስ አለኝ። ጋሼም ያን ጊዜ ወደኔ ዞር ብለው "ጻፊ፣ ልጄ" አሉ። "እኔ መንገዴን ጨርሻለሁ። አንቺ ገና ብዙ የምታስተምሪው አለሽ፤ ተማሪ የናቀው መምህር ምን ይሠራል? ጻፊ፣ አልቀየምሽም።"

"ተጠግነዋል ካልኩ በእጅዎ ተበላሽተው ነበር ማለት ነዋ!"

"እሱማ ነው" አሉ፣ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ እያዞሩ። "አንድ መስመር ናት። ምን ትሆናለች።"

ሠላሳ አንድ ዓመት ጭልፋ ፍለጋ ቤት ለቤት የዞረ ሰው "ምን ትሆናለች" ሲል ሰማሁት። ምድር ብትከፈት ብገባ ይሻለኝ ነበር። ወረቀት ተቀብዬ እዚያው ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ፣ ሐሳቤ ሳይለወጥብኝ ቶሎ ብዬ ጻፍኩ፦

"ኮምፒውተሮቹ በበርበሬ ተበላሽተዋል ብዬ የጻፍኩት ስህተት ነው። ኮምፒውተሮቹ አንድም ቀን አልተበላሹም። እኔ የትምህርቱ መምህርት ስሆን የኮምፒውተሩ ማብሪያ የት እንደሆነ አላውቅም ነበር። ያገኙት የንብረት ክፍል ኃላፊው ናቸው።"

ፈረምኩ። መዝገብ ቤት ቁጥር ሰጠው።

እንግዲህ መሳቂያ ሆንኩ። የሒሳቡ መምህር በየዕረፍቱ "ማብሪያው የት ነው?" እያለ ሻይ ይቀዳልኛል። ገበያ ስወጣ የማላውቀው ሰው ፈገግ ይልልኛል። ግን ሞትኩ? አልሞትኩም። ጋሼ በማግስቱ የግምጃ ቤቱን ጎን ክፍል አስጠርገው አሥሩንም ኮምፒውተር አስገቡና ከፈቱልን። ርክክቡ ሳይደርስ! "ሁለት ዓመት ሳልነካው ሕያው ይሁን ሙት አላወቅሁም። የማላውቀውን ነገር ነው ስጠብቅ የኖርኩ" አሉኝ።

የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ለማብሪያ ብቻ ሰጠሁት። ትርጉም የለ፣ ሥዕል የለ። ስልሳውም ልጅ በየተራ አበራ፣ በሥርዓት አጠፋ። "ይህን አውቀዋለሁ" ባይ ነበረ፤ እሱንም አስነሥቼ አስበራሁት። ከዚያ ፋይል መክፈት፣ ስሙን ሰጥቶ ማስቀመጥ፣ የትኛው ማኅደር ውስጥ እንዳስቀመጠ ማወቅ፣ የጠፋውን መፈለግ። ያላወቅሁት ሲያጋጥመኝ "አላውቀውም፣ አብረን እንፈልገው" እላለሁ፤ መጀመሪያ እየከበደኝ፣ በኋላ እየቀለለኝ። ዛሬ ሰዎች ኮምፒውተር ማወቅ ምን ያደርጋል ሲሉኝ ሥራ ያስገኛል፣ ደብዳቤ ያስጽፋል እላለሁ፤ ልክ ነው። በልቤ ግን የማስበው ሌላ ነው። እጁን ያላስነካነው ሰው የሚያውቅ ይመስለዋል፣ የሚያውቅ የመሰለው ሰው ደግሞ ይፈርማል፣ ፊርማው የሌላ ሰው ዕድሜ ላይ ያርፋል።

ጋሼም ጠዋት ጠዋት፣ ልጆቹ ሳይገቡ፣ አንዱ ላይ ይቀመጣሉ። በአንድ ጣት ነው። የገዛ ስማቸውን ጽፈው ለማስቀመጥ አንድ ሳምንት ፈጀባቸው። ሲጨርሱ ግን አጥፍተው አብርተው ከፈቱት፤ አለ። "የትም አልሄደም እኮ!" ብለው ባለቤታቸውን ሳይቀር ጠርተው አሳዩ።

ሰኔ ገባና ርክክቡ ደረሰ። ከወረዳ ሦስት ሰዎች መጡ። ወንበሩ ተቆጠረ፣ ጠረጴዛው ተቆጠረ፣ ድስቱ፣ ጭልፋው፣ ደወሉ። ኮምፒውተር ክፍል ሲገቡ እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። ጋሼ በሌባ ጣታቸው አንድ በአንድ እያበሩ አለፉ። አሥሩም በሩ።

ሰብሳቢው ፋይሉን ገለጠ። የመጀመሪያው ወረቀቴ ላይ ሲደርስ ፊቱ ኮሰተረ። ጮክ ብሎ አነበበው፤ "በአቀማመጥ ጉድለት፣ በተለይም በበርበሬ ምክንያት።" ጋሼ መሬት መሬት አዩ። ሰብሳቢው ገጹን ገልብጦ ሁለተኛውን አነበበና መነጽሩን አወለቀ።

"ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"ማብሪያው የት እንደሆነ አላውቅም ነበር ብለሽ?"

"አላውቅም ነበር" አልኩ። ጆሮዬ ነደደ፤ ግን ቀና ብዬ ነው ያልኩት።

አልሳቀም። ብዙ ጻፈ፣ ሁለቱን አባላት አስፈረመ፣ ማኅተሙን መታ። ከዚያ ቆሞ አነበበው፤ "በሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎታቸው በእጃቸው የጠፋም ሆነ የተበላሸ አንድም ንብረት አልተገኘም።"

ጋሼ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ባለቤታቸው በመስኮቱ በኩል ቆመው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል።

"ጌታዬ" አሉ ጋሼ፣ "በሞቴ፣ አንዴ ይድገሙልኝ።"

ሰብሳቢው ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ ጠጋ አደረገና ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ ቀስ ብሎ ደገመላቸው።